መስመሩ ቀጥ ብሏል፣ ታዲያ ምኑ ተሳሳተ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራዋ እንዲህ ይላል፦ ለ2 ኩባያ ሩዝ 3 ኩባያ ውሃ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ጋር አቻ የሆኑ ሬሾዎችን ፈልጊና ግራፍ ላይ በነጥብ አስቀምጪ። እሷ 2 ለ 3፣ 3 ለ 4፣ 4 ለ 5፣ 5 ለ 6 ብላ አስቀመጠች። በማስመሪያ ስታያይዛቸው ቀጥ ያለ መስመር ሆኑ። መምህሯ ግን ኤክስ አደረጉባት። ‹ቀጥ ካለ ልክ ነው ተብለናል› ብላ አለቀሰች። እኔም ግራ ገባኝ። ሩዝ ስሠራ አንድ ኩባያ ሩዝ በጨመርኩ ቁጥር የምጨምረው አንድ ኩባያ ውሃ ነው፤ ተበላሽቶብኝም አያውቅ። ደግሞ ጓደኛዋ ውሃውን በአግድም፣ ሩዙን ወደ ላይ አድርጋ ስለሠራች መስመሯ ሌላ ነው። እሷ ግን ራይት አግኝታለች። ማነው ልክ? ነጥቦቹን በመስመር ማያያዝስ ግዴታ ነው?»

መምህሯ ልክ ናቸው። የእርስዎም ድስት ልክ ነው። ልጅዎ የሠራችው ግራፍም እውነት ነው፣ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። ሦስቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ለማየት መጀመሪያ ልጅቷን ያስለቀሳትን ዓረፍተ ነገር እናስተካክል።

«ቀጥ ካለ ልክ ነው» ግማሽ እውነት ነው። ሙሉው እንዲህ ነው፦ አቻ ሬሾዎች ቀጥ ባለ መስመር ላይ ይሰለፋሉ፣ መስመሩም በዜሮ በኩል ያልፋል። ዜሮ ስል አግድሙና ቋሚው መስመር የሚገናኙበትን ጥግ ነው። ልጅዎ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዛ ሁለተኛውን ጥላዋለች። እርሷን ብቻ አልወቅስም። ክፍል ውስጥ ስናስተምር ሰሌዳው ላይ የምንሠራው ምሳሌ ሁሉ ከጥጉ ስለሚነሳ ጥጉን ጮክ ብለን መጥራት እንረሳለን። ልጆቹ ዓይን ውስጥ የሚቀረው «ቀጥ» የሚለው ብቻ ነው።

ለምን ዜሮ? ሬሾ የማባዛት እንጂ የመደመር ጉዳይ ስላልሆነ ነው። 2 ለ 3 ማለት ውሃው የሩዙ አንድ ተኩል እጥፍ ነው ማለት ነው። ሩዙ 4 ሲሆን ውሃው 6፣ ሩዙ 6 ሲሆን 9፣ ሩዙ 8 ሲሆን 12። ልጅዎ ግን በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ደመረች። በዚህ አካሄድ ሳይለወጥ የሚቆየው ልዩነቱ ነው፤ ውሃው ምንጊዜም ከሩዙ በ1 ይበልጣል። እጥፉ ግን እያነሰ ይሄዳል። 3ን ለ2 ሲያካፍሉ 1.5 ነው። 4 ለ3 ሲካፈል 1.33፣ 5 ለ4 ሲካፈል 1.25፣ 6 ለ5 ሲካፈል 1.2። እንዲሁ ብትቀጥል 100 ኩባያ ሩዝ ላይ ስትደርስ ውሃው 101 ይሆናል። ያ እኩል በእኩል ለመሆን ምንም አልቀረውም።

ይህን ለልጅ በቁጥር ከመንገር በምላስ ማስቀመስ ይሻላል። ብርዝ ይበጥብጡ። ሦስት ብርጭቆ ይደርድሩ። አንደኛው ውስጥ 1 ማንኪያ ማርና 4 ማንኪያ ውሃ፣ ሁለተኛው ውስጥ 2 ማንኪያ ማርና 8 ማንኪያ ውሃ፣ ሦስተኛው ውስጥ 2 ማንኪያ ማርና 5 ማንኪያ ውሃ ያድርጉና በደንብ አማስለው ልጅቷን ዓይኗን አስጨፍነው ያቅምሷት። አንደኛውና ሁለተኛው አንድ ናቸው፤ ሁለተኛው በዛ እንጂ አልጣፈጠም። ሦስተኛው የልጅዎ ዘዴ ነው፣ በሁለቱም ላይ አንድ የተጨመረበት። ማሩ ፊቷ ላይ ይታያል። አቻ ሬሾ ማለት «ያው ጣዕም» ማለት ነው ብትል በ6ኛ ክፍል ደረጃ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ግራፉ። ሩዙ በአግድም፣ ውሃው ወደ ላይ ይሁን። ማስመሪያውን ከጥጉ ጀምረው ሁለት ወደ ቀኝ፣ ሦስት ወደ ላይ ያለችው ነጥብ ላይ ያሳርፉት። 4 ለ 6 እዚያው ጠርዝ ላይ ትገኛለች። 6 ለ 9ም፣ 8 ለ 12ም። ወደ ታችም ይሠራል፤ 1 ላይ ሲደርሱ ውሃው 1.5 ነው። ይህቺ ነጥብ የመስመሩ ሁሉ ቁልፍ ናት፤ ለአንድ ኩባያ ስንት እንደሚያስፈልግ በቀጥታ ትናገራለች። ማስመሪያውን ሳያንቀሳቅሱ የልጅዎን ነጥቦች ይዩ። 3 ለ 4 ከጠርዙ በታች ቀርታለች። 4 ለ 5 ይበልጥ ወርዳለች፣ 5 ለ 6 ደግሞ ከእሷም ብሳለች። የልጅቷ መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሲሳብ የሚያርፈው ጥጉ ላይ ሳይሆን ከጥጉ አንድ ካሬ ከፍ ብሎ ነው። ሩዝ ሳይኖር 1 ኩባያ ውሃ ማለት ነው። ይህን አንድ ኩባያ ይያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ጥጉ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። መስመሩ በዜሮ ያልፋል ማለት 0 ለ 0 ሬሾ ነው ማለት አይደለም። ምንም ሩዝና ምንም ውሃ የየትኛውም ምግብ አሠራር ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጣዕም የሚነግረን ነገር የለም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ውስጥ «አቻ ሬሾ» ብላ 0 ለ 0 እንዳትጽፍ። ጥጉ ማስመሪያው የሚያርፍበት ቦታ ነው፣ በቃ።

በወረቀት የሚታይ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው። አንድ ፎቶ ኮፒ ወረቀት ይውሰዱና ከታች ግራ ጥግ እስከ ላይ ቀኝ ጥግ ሰያፍ መስመር ያስምሩ። ሌላ ተመሳሳይ ወረቀት ሁለት ጊዜ እጠፉ፣ አንዴ በቁመቱ አንዴ በወርዱ፤ ሩብ ይሆናል። ሩቡን ሳያዞሩ ከትልቁ ታች ግራ ጥግ ጋር አጋጥመው ሲያስቀምጡት ተቃራኒው ጥጉ ሰያፏ ላይ ቁጭ ይላል። ሁለቱም ጎን በግማሽ ስለተቀነሰ ነው። አሁን ሌላ ወረቀት ረጅሙን ጎኑን ለሁለት አንዴ ብቻ አጥፈው፣ እንደ ትልቁ ረጅሙ ጎን ወደ ላይ እንዲሆን አዙረው እዚያው ጥግ ላይ ያስቀምጡት። እርስዎ ያሉት አሜሪካ ስለሆነ ወረቀቱ ሌተር የሚባለው ነው፣ 8.5 በ11 ኢንች። አንዴ ሲታጠፍ 5.5 በ8.5 ይሆናል፣ ጥጉም ሰያፏን ስቶ ከላይዋ ይወጣል። አንደኛውን ጎን ብቻ ስለነካን ሬሾው ተበላሸ። (አዲስ አበባ ያለች እህትዎ ይህን በኤ4 ብትሞክር አንዴ የታጠፈውም ሰያፏ ላይ ያርፍባትና «ምን እያሉን ነው?» ትላለች። ኤ4 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1922 መጠኑን ሲደነግጉ ለሁለት ሲታጠፍ ቅርጹ እንዳይለወጥ አስበው ነው ያወጡት። የኮፒ ቤት ማሽን ኤ3ን ወደ ኤ4 ሲያሳንስ ጽሑፉ ሳይቆረጥ ልክ የሚገባው ለዚህ ነው።) የወረቀቱ ወርድ አግድም፣ ቁመቱ ቋሚ መስመር ነው። የየወረቀቱ ጥግ አንድ ነጥብ ነው። ማለትም አንድም ቁጥር ሳይጽፉ ግራፍ ሠርተዋል።

ልጆች ሲሳሳቱ ከማያቸው ስሕተቶች ግን በብዛት አንደኛ የሚወጣው መደመሩ አይደለም፣ የካሬ አቆጣጠሩ ነው። ተማሪው ሰንጠረዡን በትክክል ሠርቷል እንበል፦ 2 ለ 3፣ 4 ለ 6፣ 8 ለ 12። ከዚያ አግድሙ መስመር ላይ በመጀመሪያው ካሬ 2፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 8 ብሎ ይጽፋል። ከ2 እስከ 4 አንድ ካሬ፣ ከ4 እስከ 8ም አንድ ካሬ! ቋሚውን መስመር በትክክል ከቆጠረ ነጥቦቹ እንደ ቀስት ጎብጠው ይወጣሉ። ሁለቱንም መስመር እንዲያ ካደረገ ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም በዚያ አጻጻፍ የተሳሳተ ሰንጠረዥም ቀጥ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ነጥብ ከመጣሉ በፊት ካሬዎቹ እኩል እኩል መዝለላቸውን ጣት እያስኬዱ ማየት ግድ ነው። በየካሬው 1፣ ወይም በየካሬው 2፣ ወይም በየካሬው 5፤ የመረጡትን እስከ መጨረሻው። አግድሙና ቋሚው የተለያየ ርምጃ ቢኖራቸው ችግር የለውም፣ እያንዳንዱ ግን ለራሱ ታማኝ ይሁን። ቁጥሩን ከዜሮ ሳይሆን ከ10 የሚጀምሩም አሉ፣ ወረቀት ለመቆጠብ። ያኔ ጥጉ ዜሮ መሆኑ ይቀርና የማስመሪያው ዘዴ አይሠራም።

የጓደኛዋ ነገር ቀላል ነው። እሷም ልክ ናት። ሩዙ በአግድም ከሆነ 2 ወደ ቀኝ 3 ወደ ላይ ነው፣ የመስመሩ ዳገት ይበረታል። ውሃው በአግድም ከሆነ 3 ወደ ቀኝ 2 ወደ ላይ ነው፣ መስመሩ ጋደም ይላል። ሁለቱም ከጥጉ ይነሳሉ፣ ሁለቱም ያንኑ ሩዝ ያበስላሉ። የማይፈቀደው በአንድ ግራፍ ውስጥ ማቀላቀል ነው፤ አንዱን ነጥብ ሩዝ አስቀድሞ፣ ሌላውን ውሃ አስቀድሞ። አንድ መፍትሔ ብቻ አለው፦ በአግድሙና በቋሚው መስመር ጫፍ «ሩዝ፣ በኩባያ» «ውሃ፣ በኩባያ» ብሎ መጻፍ። ስም የሌለው ግራፍ ሲሰጠኝ እኔም ነጥብ እቀንሳለሁ። ለምን መሰለዎ? ሁለት ብርዝ በአንድ ግራፍ ላይ ብናወዳድር ማሩ በአግድም ሲሆን ይበልጥ ሽቅብ የወጣው መስመር የቀጠነው ብርዝ ነው፤ ማሩ ወደ ላይ ሲሆን ግን ሽቅብ የወጣው የጣፈጠው ነው። ስሙ ካልተጻፈ ማን እንደጣፈጠ ማወቅ አይቻልም።

ነጥቦቹን ማያያዝ ግዴታ ነው ወይ ብለዋል። የሚለካው ነገር ይወስነዋል። ሩዝና ውሃ ግማሽም ሩብም ኩባያ ስላላቸው በነጥቦቹ መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ትርጉም አለው፤ ማያያዝ ይቻላል። ለ1 ሚኒባስ 12 ተሳፋሪ ብንል ግን 1 ለ 12፣ 2 ለ 24፣ 3 ለ 36 ነጥብ ናቸው እንጂ መስመር አይደሉም። ሁለት ተኩል ሚኒባስ ማንንም ቦሌ አያደርስም። ያኔ መስመሩን ነጠብጣብ አድርጎ «በዚህ በኩል ይሄዳሉ» ለማለት ብቻ መጠቀም ነው። የቤት ሥራው «በነጥብ አስቀምጪ» ካለ ደግሞ ነጥብ ይበቃል።

ግራፉ የማይችለውንም ልንገርዎ። ሁለት ነጥብ ብቻ ካለ ምንም ዓይነት ስሕተት ቢኖር በማስመሪያ ቀጥ ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ነጥብና ጥጉ ያስፈልጋሉ። ቁጥሮቹ ሲተልቁ ደግሞ ዓይን ይታለላል። 12 ለ 18 እና 13 ለ 19 ትንሽ ወረቀት ላይ ሁለቱም መስመሩ ላይ ያሉ ይመስላሉ። 13 ግን የሚፈልገው 19.5 ነው። የእርሳሱ ጫፍ ከግማሽ ኩባያው ሊወፍር ይችላል! ቪዲዮ ሲከፍቱ የሚመርጡት ጥራትም እንዲሁ ነው። 1920 በ1080 እና 1280 በ720 በትክክል 16 ለ 9 ናቸው። 854 በ480 ግን ለጥቂት ያልፈዋል፤ ትክክለኛው 853 ከሲሶ ስለሆነና የስክሪን ነጥብ (ፒክስል) ሲሶ ስለሌለ አጠጋግተውት ነው። ይህን በግራፍ የሚለይ ዓይን አላየሁም። ፍርዱን የሚሰጠው ክሪስ ክሮስ ነው፣ ተማሪ ሳለን እንደምንለው፤ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር በመስቀለኛ ማባዛት ማለት ነው። 2 ለ 3ን ከ13 ለ 19 ጋር ስናስተያይ፦ 2 በ19 ሲባዛ 38፣ 3 በ13 ሲባዛ 39። አልተገናኙም፣ አቻ አይደሉም። ግራፉ ያሳያል፣ ማባዛቱ ያረጋግጣል። ልጅዎ ሁለቱንም ታድርግ።

አሁን ወደ ድስቱ፣ ያቺን አንድ ኩባያ ይዘን። እርስዎ የሚያደርጉት በሬሾ አይደለም፣ ግን ስሕተትም አይደለም። ነጭ ሩዝ ሲበስል በግምት የራሱን ያህል ውሃ ይጠጣል፤ ለአንድ ኩባያ አንድ ኩባያ። የተረፈው በእንፋሎት የሚሄድ ነው። በእንፋሎት የሚሄደው ደግሞ በሩዙ ብዛት ሳይሆን በድስቱ አፍ ስፋት፣ በክዳኑ ጥብቀትና እሳቱ ላይ በቆየበት ጊዜ ይወሰናል። በእርስዎ ድስትና ክዳን ያ ወደ አንድ ኩባያ ገደማ ይመስላል። ስለዚህ የእርስዎ ሕግ «ሩዙን ያህል፣ ሲደመር አንድ» ነው። በትክክል ልጅዎ የሠራችው ግራፍ! ከጥጉ አንድ ካሬ ከፍ ብሎ የሚጀምረው ለዚያ ነው፤ ያ ካሬ እንፋሎቱ ነው። ልጅቷ ወጥ ቤት ያየችውን አመጣች፣ የተጠየቀችው ግን ሬሾ ነበር። በእኔ አስተያየት የቤት ሥራው ራሱ ምሳሌውን አበላሽቶ መርጧል። ሬሾ ለማስተማር ብርዝ ወይም ጭማቂ እንጂ ሩዝ አይሆንም።

የምመክረው ይህ ነው። ስለ ኤክሱ ከመምህሯ ጋር አይከራከሩ፤ ለተጠየቀው ጥያቄ ውጤቱ ተገቢ ነው። ይልቅ ዛሬ ማታ ልጅቷ አንድ ባለካሬ ወረቀት ላይ፣ በየካሬው 1 እየቆጠረች፣ ሁለቱንም መስመር ትሥራ። በሰማያዊ በማባዛት የሚመጡትን፣ 2 ለ 3፣ 4 ለ 6፣ 6 ለ 9፣ 8 ለ 12፣ ከጥጉ አያይዛ። በቀይ የራሷን፣ 2 ለ 3፣ 3 ለ 4፣ 4 ለ 5፣ እስከ 8 ለ 9። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ 2 ለ 3 ላይ። ለቤተሰብ ሁለት ኩባያ ሲሠሩ የመምህሯም የእርስዎም መንገድ አንድ ድስት ውስጥ ይገናኛል፤ ግራ ያጋባችሁም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ይለያያሉ። 8 ላይ ስትደርስ በሁለቱ መካከል ያሉትን ካሬዎች ትቁጠር፤ ሦስት ናቸው። ወረቀቱን ለመምህሯ ይዛ ትሂድ፣ ሰማያዊው የቤት ሥራው መልስ፣ ቀዩ የእናቴ ድስት ብላ።

ለማኅበር 8 ኩባያ ሩዝ ሲጥዱ ደግሞ ቀዩን ይከተሉ። በ9 ኩባያ ውሃ ይጀምሩ። ሰፊ ድስት ከሆነ እንፋሎቱም ስለሚበዛ ትንሽ የፈላ ውሃ አጠገብዎ ያስቀምጡና አይተው ይጨምሩ። 12 ካደረጉበት ግን ገንፎ ነው የሚያቀርቡት።